በሥራ ሰዓት የማይገኝ ዓሣ

በቀኝ እጄ አውራ ጣት ሥር አንድ ትንሽ ጠባሳ አለ። ያየው ሰው ሁሉ ሽንኩርት ስከትፍ ቢላ የቆረጠኝ ይመስለዋል። አይደለም፣ ዓሣ ነው የወጋኝ። ይህን ስናገር የሚስቅ አይጠፋም። የሚስቅብኝን ሰው ቁጭ አድርጌ ታሪኩን እነግረዋለሁ፤ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፤ መሃል ላይ አትፍረዱብኝ። ሰምታችሁ ስትጨርሱ እንደፈለጋችሁ።

ነገሩ ሲሆን ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ እዚያው ያደግሁ ነኝ። አባቴ በልጅነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ፣ ሚስማር፣ ማጠፊያና ቀለም የሚሸጥ ሰው ነው። ደንበኛ አንድ ዕቃ ሲጠይቀው ቀና ብሎ መደርደሪያውን ያያል። ካላየው "የለም" ይላል፣ አለቀ። እናቴ ጓዳ ገብተህ ፈልግ እንጂ ስትለው "ቢኖር እዚህ ይታይ ነበር" ነው መልሱ። ስንት ጊዜ ዕቃው ጓዳ ተቀምጦ ደንበኛ እንደሸኘ እግዜር ይወቀው። በዚህ ጠባዩ እየሳቅሁበት አደግሁ። ለካ ወርሼዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁት በዓሣ ሀብት ነው። መርጬው አይደለም፣ ደረሰኝ። ትምህርታችን ሁሉ ስለ ቆሮሶ ነበር ብል አላጋነንኩም። ቆሮሶ ደግሞ ለተማሪ የተፈጠረ ዓሣ ነው፤ ቀን ይበላል፣ ቀን ይታያል፣ ፉርሽካ ስትበትኑለት አፉን ከፍቶ ይመጣል። ስለ ሌላው ዓሣ፣ ስለ አምባዛ የተማርነው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። ያን ቀን ምሳ ጠግቤ በልቼ ስለነበር ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ጣለኝ። እንደዚያች እንቅልፍ የጸጸተችኝ የለችም።

እንደተመረቅሁ ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮጀክት ቀጠረኝ። ፕሮጀክቱ ከአባያ ሐይቅ የመጡ የአምባዛ ጫጩቶችን በሁምቦ በኩል ላሉ ገበሬዎች አድሎ ነበር። ያደለው ከእኔ በፊት የነበረው ሠራተኛ ነው፤ እኔ የደረስኩት ለክትትሉ ነው። ጠዋት ከሶዶ በሚኒባስ ተበላ ከተማ እወርዳለሁ፣ ከዚያ በኪራይ ሞተር ወደ ቀበሌዎቹ። ከሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኩሬ ለኩሬ ስዞር እውላለሁ፣ ከዚያ የመመለሻ ሚኒባስ እንዳያመልጠኝ እሮጣለሁ። በእጄ ፎርም አለ። "ዓሣ ታይቷል?" "መኖ ተበልቷል?" ይላል፤ የእኔ ሥራ አዎ ወይም የለም በሚለው ላይ ምልክት ማድረግ ነው። በተከታታይ ሦስት ጊዜ "የለም" የተባለ ኩሬ ዓሣው አልቋል ተብሎ ይደፈናል። ባዶ ኩሬ የወባ ትንኝ መራቢያ ነው፤ ሕጉ ክፉ ሕግ አልነበረም።

እማማ አይመሌ ከእነዚያ ገበሬዎች አንዷ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት። ኩሬያቸው ከቤታቸው ጀርባ እንሰቱ መሃል ነው። የወላይታን ጓሮ የምታውቁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ እንሰት ነቅሎ ጉድጓድ መቆፈር በዋዛ የሚደረግ ነገር አይደለም። ሟቹ ባላቸው የተከሉትን ሁለት ረድፍ አስነቅለው ነው ያስቆፈሩት። የባላቸው ወንድም አቶ ባሳ በዚህ ክፉኛ ተቆጡ። ነገሩ ሽማግሌ ዘንድ ደርሶ በስምምነት አለቀ፤ ዓሣው ከሆነ ሆነ፣ ካልሆነ ግን ኩሬው ተደፍኖ አቶ ባሳ እንሰት ይተክሉበታል። የተከለ ደግሞ ያው ባለቤት ነው። ስለዚህ ያ ኩሬ ከተደፈነ እማማ አይመሌ ከጓሯቸው ላይ መሬት ያጣሉ። ይህንን በደንብ አውቅ ነበር። እያወቅሁ ነው እንግዲህ የጻፍኩት።

ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሦስቱንም ጊዜ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ደርሼ ፉርሽካና ፋጉሎ የተቀላቀለበትን መኖ በተንኩ። ውሃው ደፍራሽ ነው፣ ዝም ብሏል። መኖው ጥቂት ይንሳፈፍና ሳይነካ ይሰምጣል። ሩብ ሰዓት ቆሜ አያለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ "የለም" ላይ ምልክት አደርጋለሁ።

በሁለተኛው ቀን ትርፍ ውሃ በሚወጣበት በኩል ከቀርከሃ ስንጥር የተሠራ፣ ከጉልበት በታች የሆነ አጥር አየሁ። ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዝናብ ሲዘንብ ዓሣዎቹ ወጥተው እንዳይሄዱ ነው አሉኝ። ሳቄ መጣ። "በእግራቸው ነው የሚሄዱት እማማ?" አልኳቸው። ሳይቀየሙ እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ። ፎርሙ ላይ አስተያየት በሚለው ቦታ "አላስፈላጊ አጥር አለ፣ ቢነሳ" ብዬ ጻፍኩ።

በሦስተኛው ቀን ግን ያ የለመድኩት ፈገግታ ከፊታቸው ላይ አልነበረም። ፎርሙን ስሞላ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

"ሞሎ አለ፣ ልጄ። ቀን የለም፣ ማታ አለ። ማታ ይተነፍሳል፣ እኔ እሰማለሁ" አሉኝ። ሞሎ በወላይትኛ ዓሣ ማለት ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? አስተማርኳቸው። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃ ውስጥ ሆኖ በስንጥቡ እንደሆነ፣ እንደ ከብት ከላይ አየር እንደማይስብ፣ ድምፅም እንደማያሰማ አስረዳሁ፤ ስንጥብ ምን እንደሆነ እንዲገባቸው እጄን አንገቴ ላይ አድርጌ እያርገበገብኩ ጭምር። በጥሞና ሰሙኝ። ከዚያ ምልክቴን አድርጌ ከባለሞተሩ ኋላ ተቀመጥኩ።

ያንን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ አልነበረም። ከአራት ወር በፊት በሌላ ቀበሌ አባባ ጩራሞ የሚባሉ አዛውንት ኩሬ በእኔ ፊርማ ተደፍኗል። አፈሩ ሲገባ ዳር ቆመው "አሉ እኮ" ሲሉ ሰምቻለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር ሲነግሩኝ የገበሬ ወግ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነት ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ በአጠገቤ አላለፈም። የተማርኩ ነኛ።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ዓርብ ከሰዓት ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ ይዤ ሄድኩ። ቅዳሜ ጠዋት የአቶ ባሳ ደቦ ወጥቶ ኩሬውን ይደፍናል፣ እኔ ቆሜ አይቼ እፈርማለሁ። ዕቅዴ ደብዳቤውን ለቀበሌው ሊቀመንበር ሰጥቼ ተበላ ወርጄ ማደር ነበር። ደብዳቤውን ሰጥቼ ስወጣ ዝናቡ ወረደ፤ የሁምቦ ዝናብ ሲመጣ ቀስ ብሎ አይደለም። ባለሞተሩ ወንዙ ሞልቷል፣ አልሻገርም ብሎ እጁን አጣጥፎ ቆመ። የሊቀመንበሩ ቤት ደግሞ በለቅሶ እንግዳ ሞልቷል።

በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጥግ ተጠልዬ ምን እንደማደርግ ሳስብ፣ በዝናቡ መሃል የኮባ ቅጠል በራሳቸው ላይ የደፉ ሴት መጡ። እማማ አይመሌ ናቸው። "እኔ ቤት ታድሪያለሽ" አሉኝ። ጥያቄ አልነበረም። ሌላ ቅጠል ለእኔ ይዘው ነበር።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ደብዳቤዬ ሊቀመንበሩ ኪስ ውስጥ ሆኖ እኔ ሴትዮዋ ምድጃ አጠገብ ጫማዬን አደርቃለሁ። የተቀቀለ ቦይና፣ አንዳንዶቻችሁ ጎደሬ የምትሉትን ማለቴ ነው፣ ከሚያቃጥለው ዳጣ ጋር አቀረቡልኝ። ትልቅ ትልቁን እየመረጡ ወደ እኔ ይገፋሉ። ስለ ሶዶ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ስለ ኩሬው ቃል አልተነፈሱም። በመጨረሻ እኔው አልቻልኩም።

"እማማ፣ ነገ ይደፈናል። ያውቃሉ አይደል?"

"አውቃለሁ።"

"ተቀይመውኛል?"

"ቀን መጣሽ፣ ቀን ያለውን ጻፍሽ። ምን እቀየማለሁ?" አሉ። ከዚያ የበሩን ውጭ አዳምጠው፣ "አሁን አባርቷል። ነይ" አሉኝ።

አምኜ ተነሳሁ ብል ውሸት ነው። እኚህ ሴት ነገ መሬታቸውን ሊያጡ ነው፣ ቢያንስ አብሬያቸው ወጥቼ ኩሬውን ልሰናበት ብዬ ነው የተነሳሁት። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከዝናቡ በኋላ አሸን ከመሬት ፈልቶ የኩራዙን መብራት ከቦት ነበር፤ እማማ አይመሌ ክንፉን እያራገፉ በሳህን ለቀሙት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ኩሬው ዳር ስንደርስ የስልኬን መብራት ውሃው ላይ አበራሁ። የማውቀው ደፍራሽ ውሃ ነው፣ ምንም የለም። በልቤ "ይኸው" አልኩ። እማማ አይመሌ ክንዴን ያዝ አድርገው መብራቱን አጥፊ አሉኝ፤ ብርሃን አይወዱም፣ ይሸሻሉ አሉ። አጠፋሁ። ጨለማው እንደ ጋቢ ወደቀብን። ከሳር ውስጥ የእንቁራሪት ጩኸት ይሰማል፣ ከኮባው ላይ ጠብታ ይወርዳል። ቁጢጥ ብለን ጠበቅን። እግሬ ደነዘዘ። ልነሳ ስል ሰማሁት።

"ጧ።"

ከንፈሩን እንደሚያስጮህ ሰው ያለ ድምፅ ነው። ከዚያ ጸጥታ። ከዚያ በወዲያኛው ዳር "ጧ"፣ ከእግሬ ሥር ደግሞ "ጧ"። እማማ አይመሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው "ተነፈሰ" አሉኝ።

እንቁራሪት ነው ልል ፈለግሁ። አፌ ግን አልታዘዘልኝም፤ የእንቁራሪቱ ድምፅ ሌላ፣ ይሄ ሌላ ነው። እሳቸው ከሳህኑ ጥቂት አሸን ውሃው ላይ ሲበትኑ ያ የሞተ የመሰለኝ ኩሬ ተነሳ። ውሃው ተገላበጠ፣ ፈላ፣ ፊቴ ላይ ተረጨ። ያየሁት መሰላችሁ? ምንም አላየሁም። በጆሮዬ ብቻ ነበር የማየው።

ያን ጊዜ አንድ የማላውቀው ነገር ያዘኝ፤ የማወቅ ጉጉት ልበለው። ያን ሁሉ ዓመት ስማር አንድም ቀን ያልያዘኝ ነገር ነው። በደረቴ ጭቃው ላይ ተኛሁ፤ አዎ፣ በሥራ ልብሴ። አሸን በመዳፌ ይዤ እጄን ውሃው ውስጥ ከተትኩ። ጠበቅሁ። መጀመሪያ የሆነ ቀጭን ነገር የእጄን ጀርባ ዳሰሰኝ፣ ክር የሚመስል። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። አልነከሰኝም፣ አልቸኮለም። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነካካ ምን እንደሆንኩ ያጣራል። ጢሙ ነበር። ኋላ ሳነብ እንዳወቅሁት አምባዛ በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢም አለው፣ በጢሙ ይዳስሳል፣ በጢሙ ይቀምሳል፤ በድፍርስ ውሃና በጨለማ ዓይን ምን ያደርግለታል? ያን ምሽት ግን ይህን አላውቅም። የማውቀው በጨለማ ውስጥ አንድ ፍጡር እየመረመረኝ እንደሆነ ብቻ ነው። ፎርም አልያዘም እንጂ ከእኔ ይልቅ በደንብ ነበር የሚመረምረው።

እሱ ሳያንስ እማማ አይመሌ ወደ ቀርከሃው አጥር ጠሩኝ። አሁን አብሪ አሉ። አበራሁ። ከውሃው ወጥቶ፣ እርጥብ ሳሩ ላይ፣ የክንድ ግማሽ የሚያህል ጥቁር አምባዛ አጥሩን ተደግፎ ተኝቷል። ቅርፊት የለውም፣ ቆዳው ያብለጨልጫል። ሞቷል ስል በደረቱ ክንፎች መሬቱን ቆንጥጦ፣ ወገቡን ወዲያና ወዲህ እያለ ወደፊት ተንፏቀቀ። በእግራቸው ነው ወይ ብዬ የሳቅሁባቸው ሴት አጠገቤ ቆመዋል። ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

"ይህን በባልዲ እናቆየው። ጠዋት ለአቶ ባሳ እናሳያቸው" አልኩ።

እማማ አይመሌ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ዓሣ ባሳይ ከሶዶ ገዝታ አመጣች ይሉኛል አሉ። በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶም አየሁት፣ ጥቁር ነገር በጥቁር መሬት ላይ፤ የቤቴ ቁልፍ ሊሆን ይችላል። ዓሣውን በሁለት እጃቸው እንደ ሕፃን አንሥተው ወደ ውሃው መለሱት።

ቤት ገብተን አልተኛንም። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሳቸው ይመልሳሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክለኛው ወገን ተቀመጥን ማለት ነው። መቼ ይወጣሉ? ሲመሽ፣ ዶሮ ቆጥ ከወጣች በኋላ። ምን ይበላሉ? ትል፣ አሸን፣ የዶሮ አንጀት። ትንኝስ? እዚያ ውሃ ላይ የትንኝ እጭ አይቼ አላውቅም አሉኝ፣ ይለቅሙታል። እኔ እጩን ለማየት አንድም ቀን ውሃ ቀድቼ አላውቅም ነበር። ታዲያ ቀን የት ነው የሚሄዱት ስላቸው ግን፣ እሱን አላውቅም፣ እኔም ማታ ነው የማገኛቸው አሉ።

ያን ጊዜ ያቺ ከሰዓት በኋላ፣ ያቺ የኋላ ወንበር ትዝ አለችኝ። በእንቅልፌ መሃል የመምህሩ ድምፅ ስለ ዳር፣ ስለ ሥር፣ ስለ ጉድጓድ የሆነ ነገር ይል ነበር። ከብርሃን የሚሸሽ ነገር ጨለማ ይፈልጋል። በዚያ ኩሬ ውስጥ ቀን ጨለማ የሚሆነው የት ነው? እሱን ሳስብ በመሃሉ አባባ ጩራሞ ፊቴ ድቅን አሉ፣ "አሉ እኮ" ሲሉ። እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደቦው መጣ፤ ሃያ የሚሆኑ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው። አቶ ባሳ ረጅም፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ናቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ወንድማቸው የተከለው እንሰት ሲነቀል ያለቀሱ ሰው ናቸው አሉ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን ጮክ ብሎ አነበበው። "በተደጋጋሚ በተደረገ ምልከታ ዓሣ አለመኖሩ ስለተረጋገጠ" ይላል። የእኔ ዓረፍተ ነገር ነው፣ ኮርቼበት የጻፍኩት።

ይቁም አልኩ። ሁሉም ዞሮ አየኝ። ማታ እንዳየኋቸው ነገርኳቸው። አቶ ባሳ ሳይቆጡ ሰሙኝና እንግዲያው አሳይን አሉ። ፍትሐዊ ጥያቄ ነበር።

ከቦርሳዬ መረብ አወጣሁ። ሁለት ሰዎች ይዘው ኩሬውን ከዳር ዳር ጎተቱት፤ ቅጠል ወጣ። ደገሙት፤ ቅጠልና አንዲት እንቁራሪት። ያ መረብ ቆሮሶን መሃል ውሃ ላይ ለመያዝ የተሠራ ነው። ደቦው ውስጥ ሳቅ ተነሳ። አንዱ በወላይትኛ የሆነ ነገር አለ፣ ሳቁ ጨመረ፤ ሶዶ ባድግም ወላይትኛዬ ደካማ ስለሆነ ትርጉሙን አልያዝኩትም፣ ባልይዘው ይሻላል። እማማ አይመሌ ከእንሰቱ ሥር ቆመው ነጠላቸውን በእጃቸው ይጠመዝዛሉ። አቶ ባሳ ሰዓት ሄደ ብለው አካፋቸውን አነሡ። የመጀመሪያው አፈር ውሃው ውስጥ ሲወድቅ ጆሮዬ ላይ የወደቀ መሰለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ውሃው እስከ ወገቤ ደረሰ፣ ጭቃው ጉልበቴን ዋጠው። አባቴ ቢያየኝ ልጄ አበደች ይል ነበር። ወደ ላይኛው ዳር ሄድኩ፣ የእንሰቱ ሥር ወደ ውሃው ወደ ተንጠለጠለበት፣ ፀሐይ ወደማያገኘው። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ በታች እጄን ሰደድኩ። ጭቃ። ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ጭቃ። ከዚያ እጄ ባዶ ቦታ ገባ፣ ዋሻ ነገር። እስከ ክርኔ፣ ከዚያ እስከ ብብቴ ገባ። አገጬ ውሃ ነካ። በጣቶቼ ጫፍ ለስላሳ ነገር አገኘሁ። ለስላሳው ነገር ደግሞ ተነቃነቀ።

አንዱ ብቻ አልነበረም። ወደ ሶዶ እንደሚመለስ የገበያ ቀን ሚኒባስ አንዱ ባንዱ ላይ ተጠቅጥቀው ታጭቀዋል። አንዱን ጨብጬ ስስብ አውራ ጣቴ ሥር እሳት የሆነ ነገር ተሰካብኝ። አምባዛ በደረቱ ክንፍ ላይ እሾህ እንዳለው ያወቅሁት በዚህ መንገድ ነው፤ ትምህርት ቤት ያልገባኝ በሥጋዬ ገባ። ጮህኩ፣ ግን አልለቀቅሁም። ደሜና ዓሣው አብረው ወጡ።

ሳቁ ቆመ። ዓሣውን ወደ ዳር ወረወርኩት፣ ሌላውን ሳብኩ። ከደቦው አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሰብስበው አጠገቤ ገቡ፤ እጃቸውን ሰደዱና ዓይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ሌላ ሰው ገባ። እማማ አይመሌ ቅርጫት ይዘው ዳር ላይ ቆሙ። ሳር ላይ የወደቁት አምባዛዎች አየር ሲስቡ በቀን ብርሃን ሰው ሁሉ ሰማ። "ጧ።"

አቶ ባሳ ወደ ቅርጫቱ ጎንበስ ብለው ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ደብዳቤው የለም ይላል እኮ" አሉ።

"ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የተሳሳትኩትም እኔ ነኝ" አልኳቸው። "እሳቸው አሉ ብለው ነግረውኛል።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ጭቃ ለብሼ፣ ደም እየፈሰሰኝ ያንን ማለት ምን ያህል እንደከበደኝ አልደብቃችሁም። ካልኩት በኋላ ግን ቀለለኝ። አቶ ባሳ አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፤ ከወጡ በኋላ ግን ተመልሰው ራሳቸው የጣሉትን አፈር ከውሃው ዳር ጠረጉ። እማማ አይመሌ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውሃው መለሱ፣ እጄን በነጠላቸው ጫፍ አሰሩልኝ። እኔ ግን ማልቀስ ጀመርኩ፤ በደስታ አልነበረም። ለምን እንደሆነ አሁን እነግራችኋለሁ።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ተለወጠ። ክትትሉ ከመሸ እንዲሆን ብዙ ተከራከርኩ፤ አለቃዬ ዓሣው በሥራ ሰዓት የማይገኝ ከሆነ እኛ ምን እናድርግ አለኝ፣ እውነቱን ነው። ቢሆንም ተፈቀደልኝ። ፎርሙ ላይም አንድ መስመር አስጨመርኩ፣ ከሁሉም በላይ የተቀመጠ፤ "ባለቤቱ ምን ይላል?" የሚል። ዛሬ አምባዛን ከማንም በላይ እወደዋለሁ። ከስንጥቡ በላይ ዛፍ የሚመስል፣ ቅርንጫፍ ያለው ሥጋ አለው፣ አየር የሚስበው በእሱ ነው፤ ይህን ለሰው ስነግር የራሴን ልጅ ያሞገስኩ ያህል ይሰማኛል። የእማማ አይመሌም ኩሬ አለ።

ግን አንድ የቀረ ነገር ነበረኝ። በሁለተኛው ሳምንት አባባ ጩራሞ ዘንድ ሄድኩ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። "ሳሮ" አልኳቸው፣ "ሳሮ" አሉኝ፣ በደስታ ተቀበሉኝ። ኩሬያቸው የነበረበት ቦታ ቦይና ተተክሎበታል። ቅጠሉ ጃንጥላ ያህላል፣ ከጎረቤት ሁሉ የበለጠ ነው። በሳህን አቀረቡልኝ። አንዱን አነሣሁ፣ ልጄ ብይ አሉኝ፣ ወደ አፌ ግን አልሄደልኝም። መልሼ አስቀመጥኩትና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማታውን፣ ድምፁን፣ በዳሩ ሥር የነበረውን ዋሻ። አሉ ያሉት እውነት እንደነበር፣ ያስደፈንኩት በሕይወት ባሉ ዓሣዎች ላይ እንደሆነ።

ወደ ቦይናው አዩ።

"እኔማ አውቅ ነበር" አሉኝ።

"ታዲያ አባባ፣ ለምን አልጮኹም? ለምን አንድ ጊዜ ብቻ ተናግረው ዝም አሉ?"

እኔን ላለማሳዘን ይሆን፣ ድምፃቸው ለስላሳ ነበር።

"አንቺ ጽፈሽ ነበር እኮ፣ ልጄ" አሉኝ።